ማን ያየናል?

የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው፤ ነርስ ነኝ። ከሌሊት ተረኛነት በኋላ አውቶቡስ መጠበቅ ሲመረኝ መኪና መንዳት ልማር አልኩ። ባለቤቴ አዲስ አበባ 10 ዓመት ነድቷል፤ የእዚህን አገር መንጃ ፈቃድ ካወጣ ግን ገና 2 ዓመቱ ነበር። "እኔ አለማምድሻለሁ" አለኝ፤ ደስ አለኝ።

ሕጉን ሳነብ ግን አይሆንም። ከተለማማጅ ጎን የሚቀመጥ ሰው ዕድሜው ቢያንስ 21 ዓመት፣ ለዚያ ዓይነት መኪና ሙሉ ፈቃድ ካገኘም 3 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የኢትዮጵያው ፈቃድ ለዚህ አይቆጠርም። መኪናው ከፊትና ከኋላ ቀይ የ"ኤል" ምልክት ይለጠፍበታል፤ ኢንሹራንሱም ተለማማጇን መሸፈን አለበት። ጎን የተቀመጠውም ቢሆን ስልክ በእጁ ይዞ መነካካት አይችልም። ያለ ትክክለኛ ሰው የነዳች ተለማማጅ እስከ 1,000 ፓውንድ ልትቀጣ ትችላለች።

ስነግረው ከፋው። "በዚህ ሰፈር ማን ያየናል?" አለ።

"አላህ ያየናል" አልኩት። ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ፈቃድ ካወጣች 8 ዓመት የሆናት ጎረቤቴ፣ አላህ ኸይር ይመንዳትና፣ አብራኝ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ቀን ወርጄ ሳይ ምልክቱን መኪናው ላይ የለጠፈው እሱ ነበር። ልጆቹን ይዞ በር ላይ ቆሞ "ቀስ በይ" አለኝ።

እህቴ፣ መንገድ ላይ ያለው የሰው ነፍስ አማና ነው። ባልሽ ጎበዝ ሹፌር ቢሆንም፣ ከመነሳታችሁ በፊት ፈቃዱ ላይ ያለውን ቀን እዪ።