እንቅልፍ ያጣች መርማሪ

መርማሪ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን ጊዜ የተረፈው ሰው ነው። ሸርሎክ ሆምስ ፒፓውን ለኩሶ ለሰዓታት ያስባል፤ ተነስተህ ዳይፐር ቀይር የሚለው የለም። እንግሊዛዊቷ ሲሊያ ፍሬምሊን ግን «ዘ አወርስ ቢፎር ዶውን» በሚለው ልብወለዷ («ከንጋት በፊት ያሉት ሰዓታት» እንበለው) የመርማሪውን ቦታ እንቅልፍ ላጣች እናት ሰጠች።

መጽሐፉ የወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1960 ደግሞ በአሜሪካ ለምሥጢር ልብወለድ የሚሰጠውን የኤድጋር ሽልማት አሸነፈ። ታሪኩ ለንደን ነው። ሉዊዝ ሄንደርሰን ሁለት ሴቶች ልጆችና ማይክል የሚባል ሕፃን አላት። ማይክል ሌሊት ሌሊት እንደ ጉድ ያለቅሳል። ባሏ ይነጫነጫል፣ ጎረቤት ያጉረመርማል። በዚህ መሃል ቬራ ብራንደን የምትባል መምህርት ላይኛውን ክፍል ትከራያለች። ጨዋ ናት፣ ምንም አይወጣላትም። ሉዊዝን ግን አንድ ነገር ይከነክናታል። ለማን ትንገር?

የፍሬምሊን ተንኮል ሉዊዝ እውነትም የምትረሳ፣ እውነትም በተቀመጠችበት የምታንቀላፋ መሆኗ ነው። አንድ ሌሊት ቤተሰቡ ይተኛ ብላ ሕፃኑን በጋሪ ይዛ ትወጣለች። እንቅልፍ ይጥላታል። ስትነቃ ጋሪው የለም። (እዚህ ስደርስ አጠገቤ የተኛችውን ልጄን ዳበስኳት።) ከዚያ ወዲያ እሷም ራሷን አታምንም፣ እኛም እንጠራጠራለን። ደክሟታል ማለትና ተሳስታለች ማለት ለየቅል መሆናቸውን ልብ የሚል የለም።

እኛ ጋ አራስ ብቻዋን አትተውም። ገንፎው አለ፣ ትራስ ሥር የሚደረገው ብረት አለ፣ ቤቱ ጠያቂ በጠያቂ ነው። ግን «ብርድ መታት» የሚባል ነገርም አለ። የአራስ ጠባይ ተለወጠ ሲባል ይሄ ቃል ይመጣል፤ አንዴ ከተባለ በኋላ ምንም ብትናገር የሚናገረው ብርዱ ነው።

ልጄ በተወለደች በአራተኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ሆነብኝ። ጡት ይዛ ወዲያው ትተኛለች። ስናገር አንዷ «የመጋረጃው ቀለም ነው» አለች፤ ሌላዋ «ጠዋት ፀሐይ አሙቂያት»። አክስቴ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ እየጣለች «ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታሽ፣ ብዙ አታስቢ» አለችኝ። ክፉ አልነበሩም፤ እንዲያውም ሲንከባከቡኝ ነው። በሰባተኛው ቀን ለምርመራ ስንሄድ ነርሷ የልጅቷን ግንባር በጣቷ ጫን አድርጋ አየችና «መቼ ጀመረ?» አለችኝ። እስከዛ ድረስ መቼ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሮብ ማታ፣ ከመብራቱ በፊት፣ በግራ ዓይኗ አልኳት፤ ሁሉንም ይዤዋለሁ ለካ። ደሟ ተመረመረ፤ ሦስት ቀን ሰማያዊ መብራት ሥር ተኛች፣ ዳነች።

መጽሐፉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ በስልክ፣ እያጠባሁ። መጨረሻው ለእኔ ትንሽ ቸኮለብኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልናገርም። የጎረቤቶቹ ወሬ ግን! ፍሬምሊን በጦርነቱ ዘመን ማስ ኦብዘርቬሽን ለሚባል ድርጅት የተራ ሰውን ኑሮና ወሬ ስትመዘግብ ነበር፤ ጆሮዋ ያስታውቃል።

ታሪኩን ለአክስቴ ቡና ላይ ተረኩላት። ጋሪው ጋ ስደርስ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ባልየውስ ምን አለ?»

«አላመናትም።»

ዝም አለች፤ ቆየችና «እናት የላትም እንዴ? ገንፎ እንኳ የሚያገነፋላት?» አለችኝ።