የዘይቱን ሂሳብ ማን ይጻፈው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር በቤታችን ማጀት የተፈጸመ ነው። ነገሩ ስለ ዘይት ነው። «ስለ ዘይት ደግሞ ምን የሚወራ አለ?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ባይ ነበርኩ። ሆኖም ከቁጥር የረሳሁት ዘይት የገዛ እናቴን በጥርጣሬ ዓይን እንዳይ አድርጎኛልና ለሌላው ቤተሰብ ትምህርት ይሆን ዘንድ ልጽፈው ወደድኩ።

የምኖረው በሀዲያ ዞን፣ የሻሾጎ ወረዳ ከተማ በሆነችው በቦኖሻ ነው። መምህር ነኝ፤ የማስተምረውም ሂሳብ ነው። በልጅነቴ ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስኩ ነው ያደግሁት። በቤታችን ስድስት ነፍስ አለን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና እናቴ።

እናቴ የስኳር ሕመም ካገኛት ዓመታት ተቆጥረዋል። ያከማት ሐኪም «እናቴ፣ ክብደትዎን ጥቂት ቢቀንሱ ስኳሩም ይታዘዛል» አላት። ያን ጊዜ 84 ኪሎ ነበረች። እኔም የሂሳብ መምህር አይደለሁ? ደብተር ገዛሁና ነገሩን በእጄ አደረግሁት። እናቴ በቀን የምትበላውን እንጀራ፣ ቂጣ፣ ምስር፣ ድንች፣ ወተት ሁሉ እየመዘንኩ እጽፍ ጀመር። በደብተሬ መሠረት በቀን የምታገኘው 1,400 ካሎሪ ያህል ሆነ። ካሎሪ ማለት ምግብ በሰውነታችን ውስጥ የሚሰጠው ጉልበት መለኪያ ነው። በዚህ መጠን ከዘለቀች ክብደቷ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ዝቅ ማለት ነበረበት።

ሁለት ወር ሙሉ ጻፍኩ። ሁለት ወር ሙሉ ሚዛኑ 84 ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ የሚጀምረው። ቁጥር አይዋሽም ብዬ ስለማምን፣ የዋሸ ሰው ካለ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ከአጠገቧ ተቀምጬ «እማዬ፣ እኔ ሳልኖር የምትቀምሺው ነገር ይኖር ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «የልጄን ቤት እንጀራ ሰርቄ የምበላ መሰልኩህ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ይሁን እንጂ በልቤ ያለው ጥርጣሬ አልወጣም ነበር።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ እናቴ የእራቷን እኩሌታ እየመለሰች ትተኛ ጀመር። ስኳር የሚቀንሰውን ኪኒን ግን እንደ ወትሮው ትውጣለች። በአምስተኛው ቀን ሌሊት ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። እናቴ ላብ በላብ ሆና ትንቀጠቀጣለች፤ ንግግሯም ተሳስሯል። ስኳሯ ከመጠን በታች ወርዶ ነበር። ባለቤቴ ቶሎ ብላ ብዙ ስኳር የገባበት ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጣቻትና፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ነፍሷ መለስ አለች። ሲነጋ ወደ ሕክምና ወሰድናት። እንዲህ ያለውን ኪኒን ውጦ ምግብ መዝለል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያን ሌሊት በዓይኔ አየሁ። እራቷን ያስተዋት ደግሞ የእኔ ንግግር እንደነበረ አልጠፋኝም።

ያገኘናት ነርስ ወጣት ናት። የበላችውን ስትጠይቀኝ ደብተሬን አውጥቼ በኩራት ሰጠኋት። ገጹን አገላበጠችና ፈገግ ብላ «መምህር፣ ይህ ሁሉ ወጥ በውሃ ብቻ ነው የተሠራው?» አለችኝ። ደብተሬን መልሼ አየሁት። ምስሩ ተጽፏል፣ ሽንኩርቱ ተጽፏል፣ ቲማቲሙ እንኳ ተጽፏል። በሁለት ወር ገጽ ሁሉ ውስጥ «ዘይት» የሚል ቃል አንድም የለም!

ለምን ረሳሁት? ዘይትን እንደ ምግብ ስለማናየው ነው። በእኛ አእምሮ ዘይት እንደ እሳቱና እንደ ድስቱ የመሥሪያ ነገር ነው። ከጀሪካኑ አፍ በቀጥታ ድስት ውስጥ ይንቆረቆራል፤ ሽንኩርቱን አቁላልቶ ከወጡ ጋር ይዋሐዳል፤ ከዚያ ዓይን አያየውም። የተረፈውን ደግሞ እንጀራው ይጠጣዋል። እኛ የምናየው ምስር ወጥ ብቻ ነው።

ነገር ግን በማዕዳችን ላይ ካሉት ምግቦች ሁሉ በመጠኑ አንሶ በጉልበቱ የሚበልጠው ይኸው የማናየው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ዊልበር አትዋተር የሚባል አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ የምግቦችን ጉልበት በጥንቃቄ ለክቶ ነበር። እስከ ዛሬ የምንሠራበት ስሌት ከዚያ የመጣ ነው፦ እንደ እህል ካሉት ምግቦች የሚገኘው ስታርች በግራም 4 ካሎሪ፣ ፕሮቲን በግራም 4፣ ስብና ዘይት ግን በግራም 9 ካሎሪ ይሰጣሉ። ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ደግሞ 40 ያህል። አንድ ሊትር ዘይት ወደ 8,300 ካሎሪ ይጠጋል።

ለአገራችን ምግቦችም የይዘት ሠንጠረዥ አለ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል። እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ስለ ጤፍና ስለ ምስር ይነግርሃል። በአንተ ቤት ድስት ውስጥ ስንት ማንኪያ ዘይት እንደፈሰሰ ግን ማንም ሠንጠረዥ ሊነግርህ አይችልም። እሱን የሚያውቀው ያፈሰሰው እጅ ብቻ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ባለቤቴን «ዘይት ስንት ነው የምትጨምሪው?» ብዬ ጠየቅኋት። «እንደ ወጡ ነዋ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማን ለክቶ ያውቃል? ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። 5 ሊትሩ ጀሪካን ስንት ቀን እንደሚቆይልን ጠየቅኋት፤ «ሃያ ቀን» አለች። ሂሳቡ ቀላል ሆነ። አምስቱ ሊትር 41,400 ካሎሪ ያህል ነው። ይህ ለ6 ሰውና ለ20 ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 345 ካሎሪ ይደርሳል። ልጆቹ ትንንሾች ስለሆኑ የአዋቂዎቹ ድርሻ ከዚህም ሳይበልጥ አይቀርም።

ገና አላለቀም። ባለቤቴ አንገቷን ደፍታ «እንጀራውን ከቀነስክባት ወዲህ አንጀቴ አልችል ብሎ፣ ለእርሷ ወጥ ላይ በየቀኑ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል አደርግላታለሁ» አለችኝ። ያም ሌላ 120 ካሎሪ ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 465 ሆኑ። እናቴ በቀን 1,400 ሳይሆን 1,865 ካሎሪ ያህል ስታገኝ ኖራለች ማለት ነው። ከምትበላው ሩብ ያህሉ በደብተሬ አልነበረም።

በመድረሳ ሳለሁ በሚዛን የሚያጎድሉትን የሚያስጠነቅቀውን ሱረቱል ሙጠፊፊንን ያጠናሁት ገና በልጅነቴ ነው። ሁልጊዜ የሚታየኝ የገበያ ነጋዴ ነበር፤ የበርበሬ ሚዛን በጣቱ የሚጫን ሰው። እኔ በደብተርና በእርሳስ አጉድዬ ስለ መዘንኩ፣ ባጎደልኩትም ሚዛን በእናቴ ላይ ስለ ፈረድኩ ይመለከተኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚሁር በኋላ ገብቼ ከእግሯ ሥር ተቀመጥኩና «እማዬ፣ አፉ በይኝ። የሰረቀው ደብተሬ ነው» አልኳት። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ስነግራት ሳቀች። «አፉ ብያለሁ፤ ግን ዘይቱን ለእኔ ሂሳብ ብለህ ከልጆቹ እንዳትነሳ» አለችኝ።

ይህ የእናቴ ቃል ትልቅ ቁም ነገር አለው። ዘይት ጠላት አይደለም። ሰውነት ያለ ስብ አይኖርም፤ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም ያለ ስብ በሚገባ አይዋሐዱም። ለከሳ ሕፃን ገንፎ ላይ የምትጨመር ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ታላቅ ሲሳይ ናት። ክብደት ቀንስ የተባለው ግን ይቁጠር። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከስብ የሚገኘው ጉልበት ከዕለቱ ምግብ ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 67 ግራም ያህል ነው፤ ያውም በወተቱ፣ በሥጋውና በእህሉ ውስጥ ያለው ስብ ተደምሮ።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ከዚያ ወዲህ በቤታችን የያዝነውን ልማድ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ አዲስ ጀሪካን ሲከፈት ቀኑን በላዩ እንጽፋለን። ሲያልቅ ለቀኑና ለሰዉ እናካፍላለን። ከሁሉ የማይሳሳተው ሂሳብ ይህ ነው፤ የተረሳች ጠብታ አትኖርምና። ሁለተኛ፣ ከጀሪካኑ አፍ በቀጥታ ድስት ውስጥ ማፍሰስ ቀርቷል። የቤታችንን ቡና ሲኒ በውሃ ለካናት፤ 5 የሾርባ ማንኪያ ትይዛለች። ድሮ ለአንድ ድስት ወጥ ሁለት ሲኒ፣ ማለትም 10 ማንኪያ ይገባ ነበር፤ ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 200 ካሎሪ። ዛሬ 4 ማንኪያ ነው፤ ለእያንዳንዱ 80።

ሦስተኛው የሚጠበስ ነገር ነው። ሳምቡሳ ውስጥ የገባውን ዘይት እንዴት ታውቃለህ? ከመጥበስህ በፊት ለካ፤ ጠብሰህ ሲቀዘቅዝ አጥልለህ መልሰህ ለካ። ባለፈው ረመዳን 6 ሲኒ አድርገን 20 ሳምቡሳ ጠበስን፤ የተረፈው 4 ሲኒ ነበር። የጎደለው 10 ማንኪያ 1,200 ካሎሪ ነው፤ ለአንዱ ሳምቡሳ 60 ደረሰው። ያ ሊጡና ምስሩ ሳይቆጠር፣ ዘይቱ ብቻ! ለፊጥራ አራት ሳምቡሳ የሚያነሳ ሰው ሁለት ማንኪያ ዘይት እንደጠጣ ይወቅ።

«ኮሌስትሮል የሌለው» የሚለው ጽሑፍም አያታላችሁ። ከዕፅዋት የተጨመቀ ዘይት ድሮም ኮሌስትሮል አይቆጠርበትም፤ ካሎሪው ግን የትም አልሄደም። ኑግም ይሁን ሱፍ፣ የሚረጋውም ፓልም ቢሆን፣ በማንኪያ 120 ያህል ነው። ልዩነታቸው በሌላ ነው፤ የፓልም ዘይት እኩሌታው ያህል ልብን የሚጎዳው ዓይነት ስብ ነውና ማብዛቱ አይመከርም። ቅቤም ሲነጠር ውሃው ስለሚወጣ፣ በሚዛን ሲተያይ ከለጋው ቅቤ የበለጠ ካሎሪ ይይዛል።

ጣዕሙስ? እዚህ ላይ መምህራችን እናቴ ሆነች። «እኛ ልጆች ሳለን የሱቅ ዘይት መቼ ነበረ? ቅቤውም ለገበያ ነው የሚሄደው» አለችና ማጀት ገባች። ሽንኩርቱን አድቅቃ ከትፋ በደረቅ ድስት፣ እሳቱን ቀንሳ፣ ሲይዝ ብቻ ጠብታ ውሃ እያደረገች አቁላላችው። በርበሬውንም እንደዚያው በውሃ አበሰለችው። ዘይቱ የገባው በመጨረሻ ነው፤ መዓዛውም ከላይ ቀረ። ልጆቹ ልዩነቱን አላወቁም። ባለቤቴ ግን አወቀች፤ ትዕግሥት እንደሚጠይቅ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮን ነበር፤ እንግዳ። በእኛ አገር አተካና ሲቀርብ ቅቤው ካልታየ፣ ወጡም ዘይቱ ካልተንሳፈፈ፣ እንግዳው የተናቀ ይመስለዋል። እናቴም «ሰው ሲመጣ አታሳፍሩኝ» አለች። ተመካክረን እንዲህ አደረግን፦ ወጡ ለሁሉም በልክ ይሠራል፤ ለእንግዳው የተነጠረው ቅቤ በትንሽ ሳህን ለብቻው ይቀርባል። የፈለገ ይጨምራል። የእናቴም ክብሯ አልተነካም፤ ለእርሷ የሚጨመረው ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ሆነ።

ዛሬ ጀሪካኑ 36 ቀን ይቆያል። ለአንድ ሰው በቀን 190 ካሎሪ ያህል ማለት ነው። በአራት ወር ውስጥ እናቴ ሦስት ኪሎ ተኩል ቀነሰች። እንጀራዋን አልቀነስንባትም፤ እራቷን ዘልላም አታውቅም። ኪኒኗንም የሚያስተካክልላት ሐኪሙ ነው፤ ይህን ለሌሎች የስኳር ሕመምተኞችም አደራ እላለሁ።

አሁን ደብተሩን የምትይዘው ትልቋ ልጄ ናት። ማታ ማታ እናቴ ከማዕዱ ራስ ሆና «ዛሬ ስንት ማንኪያ ነው?» ትላታለች፤ ልጅቱም ጮክ ብላ ትመልሳለች። እኔ ዝም ብዬ እበላለሁ።

ወንድሞችና እህቶች፣ በቤታችሁ አልቆጠር ያለ ነገር ሲገጥማችሁ፣ ሰውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ያልጻፋችሁት ነገር እንዳለ ደብተራችሁን መርምሩ። አላህ ለእናቶቻችን ዓፊያ ይስጥልን፤ በጥርጣሬ የበደልናቸውንም ይቅር ይበለን።