ፊልሙን በቡና እንጠበው

አዳማ ውስጥ የቆየ የፊልም ካሜራ ማግኘት ያን ያህል ከባድ አይደለም። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ወይም ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የተመለሰ ዘመድ ያለው ሰው ቁም ሣጥኑን ቢፈትሽ ዜኒት ወይም ፕራክቲካ ከነቆዳ ማኅደሩ ሊያገኝ ይችላል። ከባዱ የተነሳውን ፊልም የሚያጥብ ሰው ማግኘት ነው። ፊልም ያጥቡ ከነበሩት ፎቶ ቤቶች ብዙዎቹ ማሽናቸውን አቁመዋል፤ ጉርድ ፎቶውም የሠርግ አልበሙም ዲጂታል ሆኗል። እናም ካሜራው ካፌ ውስጥ ከአሮጌ ራዲዮ አጠገብ ለጌጥ ይቀመጣል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ካሜራዎች አሁንም ይሠራሉ።

ለምሳሌ ዜኒት-ኢ የተባለውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ መመረት የጀመረ፣ ሁለመናው ብረት የሆነ ካሜራ ነው። ብርሃን መለኪያው በሴሌኒየም ስለሚሠራ ባትሪ አይፈልግም። መለኪያው በዕድሜ ብዛት ቢደክም እንኳ ሹተሩ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ስትገዙ የኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ሹተሩን በየፍጥነቱ ተኩሱት። ሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ካያችሁ ተዉት። የቆዳ ማኅደር እርጥበት ይይዛል፤ ካሜራውን ለረጅም ጊዜ እዚያ ውስጥ አታስቀምጡት።

መለኪያ ከሌለ ፀሐያችን አለች። ፊልሙ አይኤስኦ 100 ከሆነ ሹተሩን 1/125፣ አፐርቸሩን 16 ላይ አድርጎ በጠራራ ፀሐይ ማንሳት የቆየ ደንብ ነው። የሰው ፊት ሳነሳ ግን እኔ እስከ 8 ድረስ እከፍተዋለሁ። የስምጥ ሸለቆ የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ ዓይንን ጥላ ይውጠዋል። በዚያ ላይ የኮዳክ የቀለም ኅትመት ለረጅም ዘመን ይስተካከል የነበረው «ሸርሊ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። በቤታችን አልበም ውስጥ የአያቶቻችን ፊት ጠቁሮ ሸሚዛቸው ብቻ የሚያበራባቸው ፎቶዎች ካሉ፣ ጥፋቱን ሁሉ ፎቶ አንሺው ላይ አትጣሉ።

አሁን ወደ እጥበቱ። እ.ኤ.አ. በ1995 በኮዳክ ከተማ በሮቸስተር፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ መምህር ስኮት ዊሊያምስ ከተማሪዎቻቸው ጋር ፊልም በቡና ማጠብ እንደሚቻል አሳዩ። ካፌኖል ይባላል። ሥራውን የሚሠራው ካፌይኑ አይደለም፤ ቡናው ውስጥ ያሉት እንደ ካፌይክ አሲድ ያሉ ውህዶች ናቸው። ብዙ የሚሠራበት ቅመማ እንዲህ ነው፦ በአንድ ሊትር ውኃ 54 ግራም ውኃ አልባ ሶዳ አሽ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም ተበጥብጦ የሚጠጣ የዱቄት ቡና፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 15 ደቂቃ። ለጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ የቀለም ፊልምም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣበታል። ጠረኑ ከጀበና ቡናችን ጋር ምንም አይገናኝም። ልማደኞቹ ርካሹን ሮቡስታ ይመርጣሉ፤ የእኛን አረቢካ ለስኒው እንተወው። አዳማ ላይ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው፤ ውኃውን ፍሪጅ ውስጥ አቆይቼ፣ የፊልም ማጠቢያ ታንኩን በረዶ ያለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ከዚያ በኋላ ምስሉን የሚያጸናው ሃይፖ ግን በቡና አይተካም፤ እሱ መገዛት አለበት።

ሶዳ አሹን በተመለከተ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዳማ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አድርጋችሁ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ አብጃታ አለ፤ ከዚያ ሐይቅ ሶዳ አሽ ሲመረት ቆይቷል። ሳሙናና መስታወት የሚሠራበት ያው ዱቄት ፊልም ያጥባል። ቡናውም ሶዳውም የአገራችን ሆነው ሳለ «እዚህ አይቻልም» ብለን ካሜራውን መስቀላችን አይዋጥልኝም።

አብጃታን ካነሳሁ አይቀር የሚያንገበግበኝን ልናገር። ሐይቁ እየሸሸ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ ውኃ የሚያመጣለት የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ይጠለፋል፤ የሶዳ ምርቱም የራሱን ወስዷል። ከ40 ዓመት በፊት ፍላሚንጎ ሊያይ ሄዶ ዳርቻው ላይ ቤተሰቡን ያነሳ ሰው ልጆቹን ብቻ ያነሳ መስሎት ይሆናል። ዛሬ ግን ፎቶው ከልጆቹ ጀርባ ያለው ውኃ የት ድረስ እንደነበር የሚመሰክር ማስረጃ ነው። ሶደሬ ፍልውኃ፣ ቆቃ ግድብ፣ በአሮጌው የጅቡቲ መስመር ላይ ያለው የአዳማ ባቡር ጣቢያም እንዲሁ፤ ፎቶ አንሺው ልብ ያላለው ጀርባ ለእኛ ዋናው ሆኗል። ስለዚህ እኔ አሁን ከካሜራ ይልቅ ኔጋቲቭ መሰብሰብ ይበልጥብኛል። ዜኒት በሚሊዮኖች ተመርቷል፤ ኔጋቲቭ ግን አንድ ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል የአዲስ አበባ ቤተሰቦችን አልበም የሰበሰቡት ወጣቶች መጽሐፍ እስከማሳተም ደርሰዋል። የእኛ ከተሞች አልበምም እንዲሁ ሰብሳቢ ይሻል።

ፎቶ ቤት የነበረው አባት ያላችሁ፣ የሞጆ፣ የመቂ፣ የባቱ፣ የአርሲ ነገሌ፣ የሻሸመኔ ልጆች፣ እባካችሁ ሱቁ ሲለቀቅ የኔጋቲቭ ካርቶኑን ከቆሻሻ ጋር አታውጡት። ከፀሐይና ከምድጃ አርቁት፤ ከላስቲክ አውጥታችሁ ደረቅ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ክተቱት። ፖስታው ላይ ፊልሙን ከማስገባታችሁ በፊት ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ። የማታውቁት ካለ አባታችሁን ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ማጠብ መማር የሚፈልግ ካለ ደግሞ አስተያየት ላይ ይጻፍልኝ፤ ታንኩ እኔ ጋ አለ፣ ቡናውን ይዞ ይምጣ።