ከዓባይ በረሃ እስከ ሞጣ፦ መኪናችሁ «ካስነጠሰች»…

አዲስ አበባ ውስጥ ደህና የነበረች መኪና ዓባይ በረሃ ስትደርስ ምን ነክቷት ታመመች? ጥያቄው በተለይ በሰርግ ሰሞን ይበረክታል። መኪና ከዘመድ ተውሶ ወይም ተከራይቶ፣ ጓደኛ ጭኖ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚነጉደው ወጣት ሁሉ ጎሐ ጽዮን እስኪደርስ ድረስ የታወቀ ሹፌር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉድ ግን የሚያውቁት ዓባይና መኪናይቱ ናቸው!

በረሃውን ላላየ አንባቢ እንንገረው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ጃኬት ለብሶ የገባ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል፣ ደጀን ላይ ጃኬቱን መልሶ ይፈልጋል። ሰውን እንዲህ የሚያደርግ መንገድ መኪናን በደህና አያሳልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ስስ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ዓባይ ድልድይ ላይ ግን ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይወርድና አየሩ ይወፍራል። የቤንዚን ሞተር ደግሞ በየፒስቶኑ አየርና ቤንዚን ስቦ፣ አምቆ፣ በካንዴላ እሳት የሚያነድድ ነገር ነው። የታመቀው አየር በወፈረ ቁጥር የካንዴላዋ ብልጭታ ክፍተቷን ዘልላ ለማለፍ የበለጠ ቮልት ትፈልጋለች። ዕድሜዋን ሙሉ በስስ አየር ለኖረች፣ ላረጀች ቦቢና ይሄ ከባድ ፈተና ነው። ቁልቁለቱን እግር ከነዳጅ ላይ ስለሚነሣ ምንም አትልም። ዳገቱ ሲጀመር፣ ነዳጅ ሲረገጥ፣ በዚያ ላይ ሙቀቱ ሲጨመር… ትክ! ትክ! ትክ! አንዱ ፒስቶን ሥራ እያቆመ ነው። አንዳንዱ መካኒክ «ሚስ ታደርጋለች» ይለዋል፣ ሌላው «ትቆራርጣለች»፣ ሌላው «ታስነጥሳለች»።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አይምታታባችሁ። ደጋ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ይደክማል። ያ በሽታ አይደለም፤ የአየሩ ማነስ ነው። ድካሙም ለስላሳ ነው፣ መኪናይቱ ዝም ብላ ታዘግማለች። ሚስ ግን ምት አለው። መሪው ላይ ይነዝራል፣ ወንበሩ ላይ ይሰማል፣ ማርሚታው በኩልም እየተቆራረጠ ይተነፍሳል። ድካሙን ሚስ ነው ብሎ ካንዴላ የሚያስቀይር፣ ሚሱንም ድካም ነው ብሎ ነዳጅ የሚረግጥ ሞልቷል። ሁለተኛው የባሰ ነው።

የባሰበት ምክንያት ያቺ ክሩስኮቱ ላይ የሞተር ሥዕል ያላት ቢጫ መብራት፣ «ቼክ ኢንጅን» የምትባለው ናት። በርታ ጸጥ ካለች «ጋራዥ አድርሱኝ» ማለቷ ነውና ረጋ ብላችሁ እስከሚቀጥለው ከተማ መሄድ ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እያለፈ ነው። እዚያ ውስጥ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባል ውድ ዕቃ አለ፤ ቤንዚኑ እሱ ውስጥ ገብቶ ይነድና ያቀልጠዋል። ስለዚህ ማርሽ ቀንሱ፣ ነዳጁን አቅልሉ፣ ጠመዝማዛው ላይ ሳይሆን ሰፋ ያለ ዳር ፈልጋችሁ ቁሙ። ጎማ ሥር ድንጋይ ብታስገቡ ደግ ነው። ስትነሡ ግን አደራ፣ ድንጋዩን ከመንገዱ አንሡት! ቀድሞ የቆመ ሰው የተወውን ድንጋይ በጨለማ የሚያገኘው ሌላው ነው።

በቀይ መብራት ቀልድ የለም። ጀበና የመሰለችው የዘይት መብራት ሞተሩ ተነሥቶ እያለ ከበራች «ትንሽ ልንዳና» የሚባል ነገር አይሠራም፤ ወዲያው ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። የባትሪዋ ሥዕል ብዙ ጊዜ የምትወቅሰው ባትሪውን ሳይሆን ዲናሞውን ወይም የተበጠሰ ቺንጋን ነው። አዲስ ባትሪ ገዝቶ መብራቷ አልጠፋ ያለችው ሰው ስንት አለ መሰላችሁ!

ደጀን ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። የግራው ወደ ደብረ ማርቆስ፣ የቀኙ ወደ ቢቸና። የከተማ ልጅ የግራውን ያውቀዋል፤ የቀኙ ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ የበለጠ ያምራል። በስተ ምዕራብ የጮቄ ተራራ ተጋድሟል፣ ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው። ቢቸና ጣሊያንን ያስጨነቀው የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ አገር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን አንከፍልም ብለው ከተነሡት የጎጃም ገበሬዎች ውስጥም የቢቸናና የሞጣ ሰዎች ነበሩበት። መንገደኛ ግን ይህን የሚያስታውሰው የራዲያተሩ ውኃ ካልፈላበት ነው…

ቢቸና 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ይፈላል፤ ባቄላው ቶሎ የማይበስለውም ለዚህ ነው። ራዲያተርን የሚያድነው ክዳኑ ነው። ክዳኑ አምቆ ስለሚይዝ ውኃው ከዚያ በላይ ሞቆም አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ግን ምንም ሳይፈስ፣ ምንም ሳይሰበር ይንተከተካል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ቴስታታ ተቃጥሏል» ተብሎ ሞተሩን ያስፈታል። በጥቂት ብር ክዳን ይጀመር! በትኩሱ እንዳትከፍቱት እንጂ፤ ፊቱን ስንቱ ተጠብሷል።

ከቢቸና ወደ ሰሜን ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ ነው። ሞጣ ላይ የሆነውን እናጫውታችሁ። ስሙ ይቆየንና አንድ ወጣት በአሮጌ ቪትዝ አጎቱ ዘንድ ይሄዳል። መኪናይቱ ዳገት ላይ ስታስነጥስ ወራት አልፏታል። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ አራቱንም ካንዴላ ቀይሯል፣ ቀጥሎ የቤንዚን ፖምፓ ቀይሯል፣ በመጨረሻ «ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል» ብሏል። በየጊዜው መብራቷን ያጠፉለታል፣ እሷም በሳምንቷ ትመለሳለች። የአጎቱ ጎረቤት የሆኑ መካኒክ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጥያቄ አቀረቡ።

«መቼ ነው ልጄ? ጠዋት በብርዱ? ዝናብ ሲመታት? ዳገት ላይ?»

«ዳገት ላይ ነው ጋሼ፣ ያውም ስትሞቅ።»

«እንግዲያው ነግራሃለች።»

ከመሪው በታች ጉልበት አካባቢ ያለችውን ሶኬት ፈልገው ማንበቢያዋን ሰኩ። ሶኬቷ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በየመኪናው ያስገደደችው ዓይነት ናት፤ ማንበቢያው ትንሽ ዕቃ ነው፣ በስልክም ይሠራል። (አንዳንድ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የድሮ መኪኖች ከርካሹ ጋር አይግባቡምና ሳትሞክሩ አትግዙ።) ቁጥሩ «ፒ 0302» ወጣ። የመጨረሻው ቁጥር ፒስቶኑን ይጠራል፤ ሁለተኛው ማለት ነው። መካኒኩ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቀዝ ሲል የሁለተኛውን ቦቢና ሦስተኛው ላይ፣ የሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ ቀያየሩ። መዝገቡን አጠፉና ዳገት አስነዱት። ሲመለስ «ፒ 0303» ሆኗል። ጥፋቱ ቦቢናዋን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው! አንድ ቦቢና ተቀየረ፣ በቃ። ቁጥሩ ከሁለት ባይነቃነቅ ኖሮ ካንዴላውን፣ ከዚያ ኢንጀክተሩን፣ በመጨረሻ የፒስቶኑን እመቃ ያዩ ነበር። ወጣቱ ያለ ጥፋቱ የተቀየረውን ፖምፓ ሲያስበው ለአጎቱ እንኳን ዋጋውን አልተናገረም።

ልብ አድርጉ፣ መብራት ማጥፋት ማከም አይደለም። ኮምፒውተሩ ጥፋቱን ሲመዘግብ ሞተሩ ምን ያህል ሞቆ፣ በምን ፍጥነት እየሄደ እንደነበር አብሮ ይይዛል። ሳይነበብ ከጠፋ ማስረጃው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ መካኒኩ «ላጥፋልህ» ሲል «መጀመሪያ ቁጥሩን ጻፍልኝ» በሉት። የሚቆጣ ከሆነ ጋራዥ ቀይሩ!

ቁጥሩ «ፒ 0300» ከሆነ ደግሞ ሚሱ አንድ ፒስቶን ላይ አልቆመም ማለት ነው። ያኔ አራቱም የሚጋሩትን ጠርጥሩ፤ ከሁሉ በፊት ቤንዚኑን። ማደያ ላይ ሲጠፋ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድና በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን ውኃም ቆሻሻም ሊኖርበት ይችላል። ግድ ሆኖ ከቀዳችሁ በጠራ ጠርሙስ ጥቂት ቅዱና አሳርፉት። ውኃ ካለበት ከታች ይለያል።

አሮጌ መኪና ለምትገዙም አንድ ነገር እንጨምር፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ያለችውን አሮጌ የሚያገላብጠው በዝቷልና። ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ብቻ አዙሩ። መብራቶቹ ሁሉ መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሣ ይጠፋሉ። «ቼክ ኢንጅን» ከመጀመሪያውም ካልበራች አምፖሏን ያወለቀ ወይም ሽቦዋን የቆረጠ ሰው አለ። ሻጩ «አትበራም፣ ጤነኛ ናት» ቢላችሁ እየሳቃችሁ ውጡ።

ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉና ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ ሲመሽ አትጓዙ። የምታስነጥስ መኪና ይዞ መንገድ ላይ ማደር በደህናውም ጊዜ አይመከርም። ኮፈን ከመክፈት በፊት ደግሞ የት፣ መቼ፣ በስንተኛ ማርሽ እንዳስነጠሰች ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ዕቃ መያዣው ውስጥ አንድ ቦቢና፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ አምስት ሊትር ንጹሕ ውኃና ባትሪ መብራት ይግባ። ቦቢናው ከመኪናችሁ ሞዴል ጋር መግጠሙን አዲስ አበባ ሳላችሁ አረጋግጡ።