ርካሽ የገዛሁት ቱርቦ

እዚህ ስቶክሆልም ሳብ 900 ቱርቦ፣ እ.ኤ.አ. የ1985 ስሪት፣ በሁለት ወር የቤት ኪራይ ዋጋ ገዛሁ። ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ጋዜጠኛ ቅብጠት ነው፤ አውቃለሁ። ነዳጁን ስትረግጡት መጀመሪያ ያመነታል። የሞተሩ ጭስ ተርባይኑን አሽከርክሮ አየር ወደ ሞተሩ ሲገፋ ግን ከወንበሩ ጋር ያጣብቃችኋል። ስሙ እንደሚለው ይስባል።

በአራተኛው ወር ቱርቦው ተበላሸ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አክንፌው መጥቼ ወዲያው አጠፋው ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ መዞሩን ያቆምና በጋለው ቱርቦ ውስጥ ይከስላል። ለጥገናው መኪናውን የገዛሁበትን ያህል ከፈልኩ። የዚያን ወር ለእናቴ ገንዘብ አልላክሁም፤ “ሥራ ቀዝቅዟል” አልኳት።

ወዳጆቼ፣ አሮጌ ቱርቦ ካማራችሁ የመግዣውን ያህል ለጥገና ያዙ። ከማጥፋታችሁ በፊትም አንድ ደቂቃ ታገሱ። እኔ አሁን እታገሳለሁ። ለእናቴ ግን እውነቱን ገና አልነገርኳትም።