የብርድ ወራት እና የእሳት ሒሳብ



ህዳር ገብቷል፤ ደሴም ብርዷን ጀምራለች። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ያላችሁት 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆናችሁ በእኛ ብርድ ትስቁ ይሆናል። ቤቶቻችን ግን ያው ናቸው፤ የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ፣ ብዙ ጊዜ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሥሩ ንፋስ የሚያስገባ በር። ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ስትገባ ቤቱ ቀኑን ሙሉ የሞቀው ሙቀት ወዲያው በቆርቆሮው በኩል ይወጣል።

በዚህ ሰሞን ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጂዱ ደጃፍ ላይ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ ማሞቂያው መብራት ይበላል፣ አከራይም አይፈቅድም። እንጨት ወይስ ከሰል ይሻለናል?» ብዙዎቻችሁ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከቤተሰብ ተለይታችሁ አንዲት ክፍል ተከራይታችሁ የምትኖሩ ናችሁ። ስለዚህ በመስጂዱ አገልግሎት ላይ ያለን ወንድሞች ተቀምጠን ተነጋገርንበት፤ የምናውቀውንም በአንድ ጽሑፍ ልናደርሳችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። 1,500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማታ ማታ ለ4 ሰዓት ቢሰካ በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። የመብራት ታሪፍ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየደረጃው እየጨመረ መጥቷል፤ ብዙ በተጠቀምን ቁጥር ደግሞ የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። አምስትና ስድስት ተከራይ አንድ ቆጣሪ በሚጋራበት ግቢ አከራይ «ማሞቂያ አይሰካም» ቢል አይገርምም። እንጨት ይረክሳል የሚለው ሐሳብ እንግዲህ መሠረት አለው። ነገር ግን የሚረክሰው ሁሉም እንጨት አይደለም።

ደረሳ ሳለን፣ ገጠር ውስጥ በምንቀራበት መድረሳ እንጨት መልቀም ተራ ነበረው። ተራ የደረሰው ደረሳ እርጥብ እንጨት ይዞ ከመጣ ማታ ሁላችንም ኪታባችንን የምንቀራው ዓይናችን እያለቀሰ ነው። ትልልቆቹ ደረሶች ገና ሸክሙ ከትከሻ ሳይወርድ ያውቁት ነበር። የእንጨቱ ጫፍ ከተሰነጣጠቀ፣ ቅርፊቱ በቀላሉ ከተላቀቀ፣ ሁለት ፍልጥ ሲጋጭ ቋ የሚል ጠንካራ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል። ድምፁ የታፈነ ከሆነ፣ ለመጠኑ ከከበደ፣ ሲነድ ጫፉ ላይ አረፋ ካወጣ ገና ውሃ አለበት።

አዲስ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። 30 ኪሎ እርጥብ እንጨት የገዛ ሰው 15 ኪሎ እንጨትና 15 ኪሎ ውሃ ገዛ ማለት ነው። ኪሳራው እዚህ ላይ አያበቃም። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ አፍልቶ ማትነን አለበት፤ ለዚያ የሚሄደው ሙቀት ድስቱንም ቤቱንም አይነካም። እሳቱ ስለሚቀዘቅዝም ሊነድ ይገባው የነበረው ጋዝ ጭስ ሆኖ ያመልጣል። ተፈልጦ በደንብ የደረቀ እንጨት ግን የሚቀርበት ውሃ ከ20 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ኪሎ በኪሎ ሲነጻጸር የእርጥቡን እጥፍ ያህል ሙቀት ይሰጣል። «በደረቅ ጦስ እርጥብ ይቃጠላል» እንላለን፤ በማድቤታችን ግን በእርጥቡ ጦስ ደረቁ ያልቃል። እርጥቡን ለማቀጣጠል ስንል ያለንን ጭራሮ ሁሉ እንጨርሳለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጠባ እንጨቱን ከሚያስፈልገን ቀን ቀድመን መግዛት ነው። ለክረምት የሚነደው በበጋ ይገዛ፤ ለህዳርና ለታህሳስ የሚነደውም ክረምቱ ሳይገባ። ገዝቶ ወዲያው መፍለጥ ነው፤ ግንድላው እንዳለ ከተቀመጠ ብዙ ወራት ይፈጃል፣ ፍልጡ ቶሎ ይደርቃል። ከታች ድንጋይ ወይም ጉማጅ አድርጎ ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ላዩን ብቻ በቆርቆሮ መሸፈን፣ ጎኑን ለንፋስ ክፍት መተው ይበቃል። ዙሪያውን በላስቲክ የጠቀለለ ሰው እርጥበቱን ከውስጥ አፈነው እንጂ አላደረቀውም። ለብቻ መግዛት የሚከብዳችሁ አንድ ግቢ ያላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ግዙ፤ በጅምላ የተገዛ እንጨት በየቀኑ ከሚገዛ እስር ይረክሳል።

ሁለተኛው ቁጠባ ምድጃው ነው። በሦስት ጉልቻ መሀል የሚነድ እሳት አብዛኛውን ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጣል። በሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እንጀራ ሲጋገር ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርዳል። እንጀራው ከተጋገረ በኋላ የሚቀረውን ፍም ደግሞ አናባክነው። ማንቆርቆሪያ ጥደን፣ ውሃውን በፔርሙስ ገልብጠን ብናስቀምጠው ለሱብሒ ውዱእ ለብ ያለ ውሃ አገኘን። በብርድ ውዱእን አሟልቶ ማድረግ ትልቅ ምንዳ እንዳለው እናውቃለን፤ ውሃ ማሞቅ ግን ነውር የለበትም። አዛውንት አባትና እናት ያላችሁ ይህን አትርሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንላችሁ እንወዳለን። የቤት ወጪ ስናሰላ እንጨቱን በብር እንቆጥራለን፤ ጭሱን የምትውጠውን አንቆጥራትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ጊዜያቸው ሞተዋል። እናቶቻችን ዓይናቸው የሚያለቅሰው፣ ደረታቸው የሚያስለው በእርጅና ብቻ አይደለም። ለማድቤቱ ጭስ መውጫ መክፈት፣ እንጨቱን ፈልጦ አድርቆ ማቅረብ፣ ምድጃውን መለወጥ የወንድ ልጅ ሥራ ነው። ለእናቱ ስልክ ከመለወጡ በፊት ምድጃዋን የለወጠላት ልጅ ውለታው ይበልጣል።

አሁን ወደ ከሰሉ እንምጣ። ከሰል በከተማ የተወደደው ቀላልና ጭስ የሌለው ስለሆነ ነው። በባህላዊው መንገድ በአፈር ተቀብሮ ሲከሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይጠፋል። ያም ሆኖ ትልቁ አደጋው ጭስ አለመኖሩ ነው። ጭስ ያስለናል፣ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ «ውጡ» ይለናል። ከሰል ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ከደም ጋር ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

ባለፈው ዓመት በታህሳስ ወር ከሱብሒ በኋላ ለጀናዛ ተጠራን። ሟቹ ገና ሃያ ዓመቱን ያልዘለለ ተከራይ ነበር። ከጓደኛው ጋር ማታ ሻይ አፍልተውበት የነበረውን የከሰል ምድጃ ክፍሉ ውስጥ ትተው፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፈው ተኙ። ስናጥበው ፊቱ እንደ በረደ ሰው አልገረጣም፤ ቀላ ብሎ የተኛ ይመስል ነበር። ግቢው ውስጥ «ጂን ነው» የሚልም፣ «ምግብ ነው» የሚልም አልጠፋም። አላህ ያተረፈው ጓደኛው ከሆስፒታል ሲወጣ የነገረን ግን ይህን ነው። ሌሊት ሁለቱንም ራስ ምታት አሟቸው ነበር፤ ሟቹም «ብርድ መቶን ነው» ብሎ ተነስቶ ጨርቁን ይበልጥ አጠበቀው። እናቱ ከገጠር ስትደርስ የጠየቀችን ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሯችን ላይ አለ። «ልጄ የሚለብሰው አልነበረውም እንዴ?» አለችን። ነበረው። ሁለት ብርድ ልብስ ነበረው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ጉዳይ በዲናችን አዲስ አይደለም። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ውስጥ አንድ ቤት ሌሊት ሰዎቹ እያሉበት ተቃጠለ። ይህ ሲነገራቸው እሳት ጠላታችን መሆኑን አስረድተው ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዙ። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልጅ ሆነን ስንቀራው ስለ ቃጠሎ ብቻ ይመስለን ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ስለማይታየው ጋዝ የሚነግሩንን ስንሰማ ትእዛዙ ምን ያህል ቤት እንደሚያድን እናያለን። ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም እንደማይፈቀድ የሚደነግገው የፊቅህ መሠረትም እዚሁ ይገባል፤ ምክንያቱም በአንድ ክፍል የሚነደው ከሰል በስስ ግድግዳና በኮርኒስ ክፍተት አልፎ የጎረቤትን ልጅ ሊነካ ይችላል።

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ መልሳችን ይህ ነው። ማድቤቱ ከመኝታው የተለየ፣ ጭስ መውጫ ያለው ቤት ካላችሁ ደረቅ እንጨት በጥሩ ምድጃ ማንደድ በእውነት ይቆጥባል። አንዲት ክፍል ተከራይታችሁ የምትኖሩ ግን የክፍላችሁን ሙቀት በእሳት አትፈልጉ። ቁጠባችሁ ሌላ ቦታ ነው። የጣሪያውን ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ አድርጉት፤ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ወይም ካርቶን አንጥፉ፤ ጋቢ ደርቡ፤ ካልሲና ኮፍያ አድርጋችሁ ተኙ። ሰውን ማሞቅ ቤት ከማሞቅ ይረክሳል። የሚቆጠበውም በየወሩ ነው፤ ጋቢ አንዴ ይገዛል፣ ከሰል በየቀኑ።

ለቡና ወይም ለምግብ ከሰል የምታቀጣጥሉ ከሆነ ውጭ ወይም በረንዳ ላይ አቀጣጥሉ። ወደ ውስጥ ማስገባት ግድ ከሆነም በርና መስኮት ክፍት ሆኖ፣ ሰው ነቅቶ እያለ፣ ለአጭር ጊዜ ይሁን። ፍሙ ደህና መቅላቱ ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ ቀይ ፍምም ያወጣል። በላዩ አመድ መመለስም አያጠፋውም፤ ረመጡ ከሥር እየተቃጠለ ያድራል። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም ጋዙን አይስበውም። ምድጃው ከመኝታ በፊት ከክፍሉ ይውጣ፤ ዝናብ ቢኖርም ይውጣ።

ምልክቶቹን እወቋቸው፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ ከባድ እንቅልፍ። እሳት ባለበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ። በሩን ከፍታችሁ ውጡ፤ የደከመውን ጎትታችሁ አውጡ፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት፣ እስኪነቃ መጠበቅ ጊዜ ማጥፋት ነው።

በመጨረሻም አንድ አደራ። በግቢያችሁ ውስጥ አዲስ ከገጠር የመጣ ተከራይ፣ ብቻዋን የምትኖር ተማሪ፣ ሌሊት የሚቆም ዘበኛ ካለ ዛሬ ማታ አንኳኩና እሳቱን የት እንደሚያሳድሩ ጠይቁ። ደራቢ ልብስ ከሌላቸው ከራሳችሁ ላይ አንዱን ስጡ፤ እኛም በመስጂዱ የምንሰበስበው ልብስ አለና ንገሩን። የበሩን ሥር በጨርቅ ከመወተፋችን በፊት ዞር ብለን ምድጃው ውጭ መሆኑን እንይ።

አላህ ቤታችንን በሰላም ያሙቅልን፤ የሞቱትን ይማርልን፤ የወላጆቻቸውን ልብ ይጠግንልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።