«መርሲ» ብሎ ጦም ማደር

የአዲስ አበባ ልጅ «አመሰግናለሁ» ሲረዝምበት «መርሲ» ብሎ ይገላገላል። ፈረንሳይኛ ተናገርኩ ብሎ ግን አይቆጥረውም። «ለገሃር»ም ያው ከፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ አብሮት የገባ ስም። ታዲያ ይቺን አንድ «መርሲ» ይዞ ጅቡቲ የወረደ ሰው ምን ይገጥመዋል? ወርጄ አየሁት!

የዛሬው ባቡር ናጋድ ላይ ያወርዳችኋል፤ ከዚያ ወደ መሀል ከተማ በታክሲ ነው። ሙቀቱን ተዉት… አይወራም። መንገድ ላይ የሚሰማው ሶማሊኛና አፋርኛ ነው፤ አማርኛም አይጠፋም። ባንክ ወይም ቢሮ ስትገቡ ግን ፈረንሳይኛ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። መሀል ከተማ ያለው አደባባይ በነፃነታቸው ቀን ጁን 27 ቀን 1977 ተሰይሟል፤ ሰዉ ግን ዛሬም «ምኒልክ» ይለዋል። ደስ አይልም?

እዚያው አካባቢ ሻይ ስንጠጣ ነው አንዲት የአገራችን ልጅ ጉዷን ያጫወተችኝ። ፈረንሳዮች ቤት በሠራተኝነት ገብታ፣ በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ማዳሟ ሳህን አንስታ «ላድርግልሽ?» ዓይነት ትጠይቃታለች። ልጅቷ በጨዋ ደንብ አንገቷን ሰበር አድርጋ «መርሲ»። ሳህኑ ተመለሰ! ማታም ያው። «ሦስት ቀን በዳቦና በውሃ ሰነበትኩ። ንፉግ መስላኝ በሆዴ ስረግማት ነበር» አለችኝ። ለካ ማዳሟም «ምግቤን ተጸየፈች» ብላ አኩርፋለች። ልጅቷ ሻንጣዋን ሸክፋ ልትወጣ ነበር፤ ለደላላ የተበደረችው ብር ባይዛት ኖሮ ሄዳለች።

በአራተኛው ቀን የግቢው ዘበኛ ገላገላት። ፈረንሳይ ሲጋበዝ «ሜርሲ» ብቻ ካለ «ይቅርብኝ» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ አንገት ሰበር ከተደረገማ አለቀ! የፈለገ ሰው «ዊ፣ ሜርሲ» ይላል። እኛ ደግሞ «ብዪ እንጂ፣ በሞቴ!» እስክንባል እንግደረደራለን። ፈረንሳይ በሞቴ የለውም። አንዴ ጠይቆ ካልፈለግሽ ሳህኑን ያነሳል፤ ለእሱ ይሄ አክብሮት ነው።

ሌላውን ከእሷም፣ ከጠረጴዛ ጎረቤቶቻችንም ለቃቀምኩ። ሱቅ ስትገቡ በ«ቦንዡር» ካልጀመራችሁ የመጨረሻው «ሜርሲ» ብዙም አያድናችሁም። ሲቀጥል «ማዳም» ወይም «ሙስዩ» ጨምሩበት፤ አያቶቻችን «ሙሴ» የሚሉት እሱን ነው። ለአለቃና ለትልቅ ሰው «ዠ ቩ ርሜርሲ»፣ ለጓደኛ «ዠ ት ርሜርሲ»። አንተና እርስዎ ለይቶ ላደገ አበሻ ይሄ ምኑ ይከብዳል? (እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁት ናቸው የሚቸገሩት!) «ሜርሲ ቢያን» ስትሉ ግን ድምፃችሁን ጠብቁ፤ ቀዝቀዝ ካለ ሽሙጥ ይመስላል።

በር ላይ «ሜርሲ ደ ፌርሜ ላ ፖርት» ተለጥፎ ብታዩ ምስጋና መስሏችሁ ቆማችሁ አትሳቁ፤ «በሩን ዝጉ» እየተባላችሁ ነው። የመሥሪያ ቤት ወሬ ስትሰሙም ተጠንቀቁ። ስለ አንድ ሠራተኛ «ርሜርሲዬ» ተደረገ ከተባለ፣ ቃል በቃል «ተመሰገነ» ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ ልትሉት እንዳትሮጡ። ሰውየው ተባሯል።